ለእናቴ የገዛሁት ሞደም

እናቴ ሞደም የሚለውን ስም አንድም ቀን አስተካክላ ጠርታው አታውቅም። «ያ የስልክ ዕቃ» ነበር የምትለው። እኔ ግን በዕድሜዬ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ የሱን ያህል ተስፋ የጣልኩበት የለም። የሱን ያህል ያንገበገበኝም የለም።

ያኔ አዲስ አበባ፣ ቦሌ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የምንኖረው ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ በሠራው ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴና እኔ ብቻ ቀረን። እህቴ፣ ታላቄ፣ አስመራ ነበረች።

እህቴ ያገባችው እዚሁ አዲስ አበባ ጋራዥ የነበረው የአስመራ ልጅ ነው። ጦርነቱ ሲነሳ እሱ ወደዚያ ሄደ። ሄደ ከማለት ተወሰደ ማለት ይቀላል። እሷም ሕፃን ልጇን አዝላ በጅቡቲ በኩል ዞራ ተከተለችው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቆረጠ፣ ፖስታውም ቆመ። አስመራ በአውሮፕላን ቅርብ ናት፤ ምሳ በልቶ ተነስቶ ለመክሰስ የሚደረስባት። ቁጥሯን ስንደውል ግን መጥራት እንኳ አይጠራም፤ ዝም ነው የሚለው።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ወሬዋን የምናገኘው ጣሊያን አገር በምትኖር የባሏ አክስት በኩል ነበር። ሴትዮዋ ለእሷም ትደውላለች፣ ለኛም ትደውላለች። «ደህና ናት፣ ልጁም አድጓል» ትለናለች። ሴትዮዋ ስታርፍ ያም ቀረ። እናቴ ከስልኩ አጠገብ ወንበር አስቀምጣ መዋል የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን መሥሪያ ቤት በአለቃዬ ኮምፒውተር ላይ ኢሜይል ስከፍት የእህቴን ስም አየሁ። አድራሻዬን ከማን እንዳገኘችው እስከ ዛሬ አላውቅም። አስመራም ኢንተርኔት ቤት ተከፍቶ ነበር። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ያኔ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጽፈው። «እማዬ እንዴት ናት? አለች?» ይላል። አለቃዬ ፊት አለቀስኩ። ደግ ሰው ነበር፤ አትሞ ሰጠኝና «ዛሬ በጊዜ ውጪ» አለኝ።

እናቴ ወረቀቱን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ «አንብቢልኝ» አለችኝ። ዳዊት ስትደግም ያደገች ሴት ናት፤ የአማርኛ ፊደል ታነባለች። ይሄንን ግን ማንበብ አልቻለችም። አነበብኩላት። ደግሜ አነበብኩላት። ያን ሰሞን ቤታችን ሠርግ ቤት ይመስል ነበር።

ደስታው ግን አልቆየም። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። እናቴ ስታዳምጠኝ ዓይኗን ፊቴ ላይ ትተክል ጀመር። ወረቀቱን አይደለም የምታየው፤ እኔን ነው።

«ይሄ የእህትሽ አነጋገር አይደለም» አለችኝ አንድ ቀን።

«እማዬ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጻፍ ያሳጥሩታል።»

«ለምንድነው በራሷ ፊደል የማትጽፈው?»

«ኮምፒውተሩ አማርኛ የለውም።»

«ኮምፒውተሩ ነው አማርኛ የሌለው?» አለች። ቀጥላም «የወንድሜን ጊዜ ረሳሽው?» አለችኝ።

አልረሳሁትም። አጎቴ ጎንደር ሲሞት መርዶው ወዲያው አልተነገራትም ነበር። ደም ግፊት ስላለባት ዘመዶቻችን ይቆይ ብለው መከሩ። ክረምቱን ሙሉ «ሰላም ብሎሻል፣ ትንሽ አሞት ነበር፣ ተሽሎታል» ሲሏት ከረሙ። መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ ገባት። ያን ለት ከመሞቱ ይልቅ መታለሏ ነበር የጎዳት። «በቁሜ አሾፋችሁብኝ» እያለች ነው ያለቀሰችው።

አሁንም ያንኑ ጠረጠረች። እህቴ ሞታለች፤ ጣሊያን ያለችው ሴትዮም አልሞተችም፣ የጠፋችው መርዶ መናገር ፈርታ ነው፤ እኔ ደግሞ እየጻፍኩ አነብላታለሁ። «ሥራሽ መጻፍ አይደል?» አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ በልመና ነው። «ንገሪኝና ልረፍ፤ ልጄን አልቅሼ ልቅበራት።»

ማልኩላት። በመድኃኔዓለም ማልኩ። «ለእናቱ የሚያዝን ልጅ በሐሰትም ይምላል» አለች። እህቴ ፎቶ እንድትልክ ጻፍኩላት። ፎቶውን አትሜ ሳመጣላት «ይሄ የድሮዋ ነው» አለች። አዲስ ነበር፤ ግን እህቴ እንደኔ አልወፈረችም፣ አላረጀችም። የማይረባ ነገር እንኳ ጠላታችን ሆነ። እናቴን፣ እሷና እህቴ ብቻ የሚያውቁትን ነገር ጠይቃ እንድታረጋግጥም ለመንኳት። «ጥያቄውን የምትጽፊው አንቺ፣ መልሱን የምታነቢው አንቺ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በኔ እጅ የማያልፍ ነገር አልነበረም።

ከድምፅ በቀር ሌላ መንገድ አልታየኝም። በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍ እንደሚቻል ሰምቼ ነበር። ነገር ግን ሰፈራችን፣ አትላስም መድኃኔዓለምም አካባቢ ያሉት ኢንተርኔት ቤቶች፣ ስልክ መሥሪያ ቤት ስለከለከላቸው፣ ግድግዳ ላይ «በድምፅ ማውራት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፈው ነበር። ቢፈቀድስ እናቴ በምን ጉልበቷ? ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ተደግፋ፣ አርፋ፣ ተደግፋ ነው የምትደርሰው። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ቤት መግባት ነበረበት።

መሥሪያ ቤታችን አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ለሠራተኛ በርካሽ ሲሸጥ አንዱን ወሰድኩ። ስልክ አባቴ ያስገባልን ነበረ። የቀረው ኮምፒውተሩን ከስልኩ መስመር ጋር የሚያገናኘው ሞደም ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ከሩዋንዳ እስከ መድኃኔዓለም ያሉትን የኮምፒውተር ሱቆች አንድ በአንድ ገባሁባቸው። ሞደም ሁለት ዓይነት መሆኑን ያወቅሁት በመጀመሪያው ሱቅ ነው። አንዱ ኮምፒውተሩን ከፍተው ውስጡ የሚሰኩት ካርድ ነው፤ ርካሽ ነው። ሌላው ከውጪ የሚቀመጥ፣ መብራት መብራት ያለበት ትንሽ ሳጥን ነው፤ ዋጋው ሲነገረኝ ሳላስበው ቦርሳዬን ዘጋሁ።

ሻጩ ወጣት ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎታል። «ለኢሜይል ብቻ ነው የምትፈልጊው?» አለኝ።

«ለድምፅም ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

በር በሩን አየና እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለድምፅ ከሆነ የውጪው ይሻልሻል። የውስጡ ሥራውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚጥለው። ኮምፒውተርሽ አዲስ ነው?»

«አሮጌ ነው።»

«መስመራችሁስ? ዝናብ ሲመጣ ይንጫጫል?»

«ይንጫጫል።»

ካርዱን አገላብጦ አየው፤ እንደ ሐኪም። «አይሠራም አልልሽም። ይሠራል። ግን ለድምፅ... ትዕግሥት ይጠይቃል።»

ሌላ ሱቅ ገባሁ። እዚያ «ሁለቱም አንድ ነው፣ የውጪው ለጉራ ነው» አሉኝ። ሦስተኛው ሱቅ ያገለገለ የውጪ ሞደም አገኘሁ፤ ዋጋው የሚቀመስ ነው፤ ግን የመብራት ገመዱ የለም፣ የሚገጥምለትም ጠፋ። አትላስ ጋ ያለው ባለ ሱቅ ደግሞ «በየወሩ እየከፈልሽ ልስጥሽ» አለና ዋስ ጠየቀኝ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያንኑ መንገድ ወጣሁ ወረድኩ። ሰው ፒዛ እየበላ በመስታወት ውስጥ ያየኛል፤ እኔ ሞደም አያለሁ። የውጪውን ለመግዛት እቁብ ገብቼ ዕጣዬ እስኪወጣ መጠበቅ ነበረብኝ።

የእናቴ ሁኔታ ግን የሚያስጠብቅ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ስመለስ ጥቁር ቀሚሷን ከሳጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። ለአጎቴ ለብሳው የነበረው ነው።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አልኳት።

«ብል እንዳይበላው ነው» አለች።

እህል መቅመስም ቀንሳ ነበር። በሳምንቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ወደሰቀለው ልጅ ተመለስኩና ካርዱን ገዛሁት። «እግዜር ያቅናልሽ» ብሎ ነው የሸጠልኝ።

ካርዱን የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ መጥቶ ሰካልኝ። ስልክ መሥሪያ ቤት ተሰልፌ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል አወጣሁ። የመጀመሪያውን ቀን ሲደውል ያ ጩኸት ቤቱን ሞላው፤ የፉጨት፣ የመቧጨር፣ ቆርቆሮ የመፋቅ ድምፅ። እናቴ አማተበች። «ማን ነው የሚጮኸው?» አለች። «ስልኩ ነው እማዬ፣ መንገድ እየፈለገ ነው» አልኳት። ያን ቀን ፊቷ ትንሽ ፈካ። ሻይ ጠጣች። ከእህቴ ጋር በኢሜይል ተቃጠርን፤ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። እሷ አስመራ ኢንተርኔት ቤት ትሄዳለች፣ እናቴ እዚህ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ታደርጋለች።

እናቴ ለዚያ ቀን ነጭ ልብሷን ለበሰች፣ ፀጉሯን ተሠራች። «አንድ ነገር እጠይቃታለሁ» አለችኝ። «እሷና እኔ ብቻ የምናውቀውን። አንቺ ግን ውጪ ትሆኛለሽ። መልሱን በራሴ ጆሮ ከሰማሁ ከዚህ በኋላ አንድ ቃል አይወጣኝም።»

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከቅዳሴ ስንመለስ ደመናው ከቦሌ አየር ማረፊያ በኩል መጣ። ኮምፒውተሩን ስከፍት ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ደወልኩ፤ ገባና ተቆረጠ። ደግሜ ደወልኩና ገባ። የእህቴ ስም ስክሪኑ ላይ በራ። ማዳመጫውን መጀመሪያ እኔ አድርጌ «አለሽ?» አልኩ። ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የመሰለ ነገር «አ... አ...» አለ። እሷ መሆኗን አወቅኩ። እንዴት እንዳወቅኩ አላውቅም፤ ግን አወቅኩ። ማዳመጫውን ለእናቴ አደረግኩላትና ወጣሁ።

በረንዳ ላይ ቆሜ በሩን አዳመጥኩ። ዝናቡ በረታ። እናቴ ጥያቄዋን ስታንሾካሹክ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለ።

«አቤት?... አቤት ልጄ?... ምን አልሽ?... አልሰማሁሽም... አቤት?»

ደጋግማ «አቤት» አለች። ልጅ ሆነን ከጓሮ ስንጠራት እንደምትለው ዓይነት አቤት። እየቆየ አነሰና ጠፋ።

ስገባ ስክሪኑ ደርቋል። አሮጌው ኮምፒውተር ጨርሶ አልንቀሳቀስ ብሏል፤ ስልኩ ግን ገና ያፏጫል። እናቴ ማዳመጫውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«ማን?» አለች።

እንደገና ለመደወል ሞከርኩ። ቀኑን ሙሉ ሞከርኩ። በማግሥቱ የእህቴ ኢሜይል መጣ። ከእናታችን የሰማችው «ልጄ» የሚለውን ብቻ እንደነበር ጽፋለች፤ ሌላው ሁሉ ጩኸት ነው። «ግን እሷ ናት፣ አወቅኳት» ይላል። ያንን ለእናቴ አላነበብኩላትም። ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ጥቁር ለብሳ፣ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፋ ተቀምጣ ነበር።

ጎረቤት ለቅሶ ሲሰማ ይመጣል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። አጥር የምንጋራቸው እትዬ ቀድመው መጡ፤ እያለቀሱ ነው የገቡት። የዕድሩ ሰዎች ተከተሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ «አልሞተችም፣ በሕይወት አለች፣ ዛሬም ጽፋልኛለች» እላለሁ። ያቅፉኛል። «አይዞሽ፣ ልብሽ አልቀበል ብሎ ነው» ይሉኛል። እትዬ ወደ ማድ ቤት ወሰዱኝና «ልጄ፣ ከዚህ በላይ አታሰቃዪያት፤ አውቃዋለች እኮ» አሉኝ። ተከራከርኩ፣ ጮህኩ፣ ወረቀቶቹን አመጣሁ። ማንም ማንበብ አልፈለገም። በሕይወት ያለች እህቴን ሲያለቅሷት አብሬ ተቀመጥኩ። እንባዬም መጣ። ሰዎቹ ያን ጊዜ «ተመስገን፣ ወጣላት» አሉ።

እናቴ ፍትሐት እንዲደረግላት የነፍስ አባታችንን አስጠራች። እኔ ቀድሜ ውጪ አገኘኋቸው። «አባ፣ ልጅቷ አለች። እርስዎ ይንገሯት፤ እርስዎን ታምናለች» አልኳቸው። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ሁሉንም ሰሟት። ከዚያ «ወለተ ማርያም፣ ለሕያው ፍትሐት አይደረግም። ልጅሽ አለች ይላሉ» አሏት።

«አባ፣ አይተዋታል?» አለቻቸው።

«አላየኋትም።»

«ድምፅዋን ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም።»

«እንግዲያው እርስዎም እንደኔ ነዎት» አለች። አባ መስቀላቸውን አሳልመዋት ተነሱ። ከዚያ በኋላ እየመጡ ይጸልዩላት ነበር፤ ስለ ልጅቷ ግን አላነሱም።

ለእህቴ እውነቱን ጻፍኩላት፤ ምን ልደብቅ? መልሷ አንዲት መስመር ነበረች። «እኔ ለእናቴ ሞቻለሁ ማለት ነው?» ይላል። ቀጥሎ ለብዙ ጊዜ አልጻፈችም።

እኔ ግን አልተውኩም። እቁብ ገባሁ። ዕጣዬ ሲወጣ የውጪውን ሞደም፣ ያን መብራት መብራት ያለበትን ሳጥን ገዛሁ። ካርዱን አስወጥቼ እሱን ሰካሁት። ክረምቱም አልፎ መስመሩ ጸድቷል። እህቴን ለምኜ ቀጠርኳት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ። ገባ። አልተቆረጠም። ማዳመጫውን ነቅዬ ድምፁን በትልቁ ማጉያ ከፈትኩት። የእህቴ ድምፅ ትንሽ እየተንጠባጠበ፣ ግን የራሷ ሆኖ ቤታችን ውስጥ ተሰማ። «እማዬ? እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

እናቴ ጓዳ አልጋዋ ላይ ነበረች። ሮጬ ገባሁ።

«ትሰሚያታለሽ? እማዬ፣ ስሚያት! እሷ ናት!»

እናቴ ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም።

«ያቺ ሴትዮ ታሳዝነኛለች» አለች። «እሷም እናት ይኖራታል። የሰው እናት እንድትጠራ ባታስገድጃት ጥሩ ነው። ሒጂ፣ አመስግነሽ አሰናብቻት።»

«ውጪና ጠይቂያት! የፈለግሽውን ጠይቂያት! እኔ እወጣለሁ።»

«አንዴ ጠይቄ ነበር» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለስኩ። እህቴ አሁንም «እማዬ» ትላለች። «ተኝታለች» አልኳት። «ስትነቃ እኔ ነኝ በያት» አለችኝ። እሺ አልኩ።

እናቴ በቀጣዩ ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሳይያዝ፣ አረፈች። ጥቁሯን አላወለቀችም። ሰው ሲያጽናናት «እኔስ ወደ ልጄ ነው የምሄደው» ትል ነበር። እህቴን ማርዳት የኔ ፈንታ ሆነ። በኢሜይል እናት ሞተች ተብሎ አይነገርም። ለባሏ ጻፍኩለት፤ እሱም እዚያ ያሉ ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ማለዳ ነገራት። እዚያ ልቅሶ ሲቀመጡ እዚህም ተቀምጠን ነበር። በመካከላችን ግን ሰው አይመላለስም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ መንገዱ ድንገት ተከፈተ፤ ስልኩም ሠራ፤ አውሮፕላኑም በረረ። እህቴ ሽበት አብቅላ፣ ልጇን አስከትላ ቦሌ ወረደች። ወደ መቃብሩ ይዣት ሄድኩ። ድንጋዩን አቅፋ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ትል ነበር። ላስነሳት አልቻልኩም። ልጇ ነው ያነሳት።

እትዬ በሕይወት ነበሩ፤ በጣም አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። እህቴን ይዤ ልጠይቃቸው ገባሁ። ማን እንደሆነች ስነግራቸው እጃቸውን ዘረጉ። ፊቷን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን። አለቀሱ፤ «አልቅሰንሽ ነበር እኮ» አሏት። እህቴም እጃቸውን ስማ አለቀሰች። ሻይ ቀረበልን። ብዙ ተቀመጥን።

ስንወጣ እትዬ ክንዴን ያዝ አድርገው አስቀሩኝ። እህቴ አጥሩ ጋ ደርሳለች።

«ልጄ፣ እውነት እሷ ናት?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እሷ ናት» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ማመናቸውን ወይም ለኔ ማዘናቸውን መለየት አልቻልኩም። በሩን ዘጋሁላቸውና እህቴን ተከትዬ ወጣሁ።